የድሮ ሌንስና የፊልም ካሜራ፦ ከሐዋሳ ወዳጆች የተሰበሰቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በእጅ የሚስተካከሉ የድሮ ሌንሶችንና የፊልም ካሜራዎችን የምንወድ የሐዋሳ ሰዎች ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ስንገናኝ የሚነሱት ጥያቄዎች ስለበዙ፣ በጽሑፍ እንድመልሳቸው ተጠየቅሁ። ተመሳሳዮቹን አዋህጃለሁ። «ከሁሉም የሚበልጠው ሌንስ የትኛው ነው?» የሚሉትን ግን ሆን ብዬ ትቻቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ አባቴ በደርግ ዘመን ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት ሄዶ ሲመለስ ያመጣው ካሜራ ቁም ሣጥን ውስጥ ተገኘ። ካሜራው ዜኒት-ኢ፣ ሌንሱ ሄሊዮስ 44-2 ይላል። ይሠራ ይሆን? ዋጋስ ያወጣል?

ዋጋውን በአጭሩ ልመልስልሽና ወደ ቁም ነገሩ እንለፍ። ዜኒት-ኢ ሞስኮ አጠገብ በክራስኖጎርስክ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠር የተመረተ ካሜራ ነው፤ ሽጠሽው ቤት አትሠሪበትም። የአባትሽ መሆኑ ግን ከገበያው ዋጋ በላይ ነውና አስቀምጪው፤ ደግሞም ተጠቀሚበት።

ካሜራው ባትሪ የሚባል ነገር አያውቅም። መጀመሪያ የጀርባውን ክዳን ክፈቺና ሌንሱን ወደ መስኮት አዙሪ። ፍጥነቱን 30 ላይ አድርገሽ ስትጫኚ መጋረጃው ተከፍቶ ብርሃን ሲያልፍ ማየት አለብሽ። ከዚያ እስከ 500 ድረስ አንድ በአንድ ሞክሪ። በ500 ላይ የምስሉ አንድ ጎን የሚጨልም ከሆነ መጋረጃው ደክሟል ማለት ነው፤ በዝቅተኛዎቹ ፍጥነቶች ግን ሊያገለግልሽ ይችላል። ቀጥሎ ሌንሱን ፍቺና የጨርቁን መጋረጃ በእጅ ባትሪ እያበራሽ ቀዳዳ ፈልጊ። ከፊት ለፊት ያለው ባለ ቅንጣት መስታወት የብርሃን መለኪያው ነው፤ በሴሊኒየም ይሠራል፣ ወደ ብርሃን ስታዞሪው መርፌው ከተንቀሳቀሰ ዕድለኛ ነሽ። ካልተንቀሳቀሰም አትዘኚ፤ ያለ መለኪያ እንዴት እንደሚነሳ ከታች እመለስበታለሁ።

ሌንሱ ላይ ሁለት የአፐርቸር (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ) ቀለበቶች ታገኛለሽ። አንደኛው ቁጥሩን እየተንቋቋ ይመርጣል፤ ሁለተኛው እስከ ተመረጠው ቁጥር ድረስ ያለ ድምፅ ይከፍታል፣ ይዘጋል። አሠራሩ፦ ከፍተሽ ፎከስ አድርጊ፣ ዘግተሽ አንሺ። የመለያ ቁጥሩን የመጀመሪያ ሁለት አሃዞችም ተመልከቺ፤ በሶቪየት ሌንሶች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የተሠሩበትን ዓመት ያመለክታሉ። 79 ብሎ ከጀመረ በ1979 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። አባትሽ በየትኛው ዓመት እንደገዛው ለመገመት ይረዳሻል።

ጥያቄ፦ ይኼንኑ ዓይነት ሌንስ ካኖን ዲኤስኤልአር (ውስጡ አንጸባራቂ መስታወት ያለው ዲጂታል ካሜራ) ላይ መግጠም እችላለሁ? ጓደኛዬ ኒኮን ላይ ሞክሮ ሩቅ ነገር አልጠራለትም።

ትችላለህ፤ የጓደኛህም ችግር ከሌንሱ አይደለም። እያንዳንዱ ካሜራ ከሌንስ ማሰሪያው እስከ ፊልሙ ወይም በዲጂታል ካሜራ የፊልሙን ቦታ እስከሚተካው ሴንሰር ድረስ የራሱ የተወሰነ ርቀት አለው። ኤም 42 የሚባለው፣ በ42 ሚሊሜትር ጥርስ የሚጠመዘዘው የዚህ ሌንስ ማሰሪያ 45.46 ሚሊሜትር ይፈልጋል። የካኖን ኢኤፍ 44 ሚሊሜትር ስለሆነ ቀሪውን ክፍተት ቀጭን የብረት ቀለበት (አዳፕተር) ይሞላዋል። የኒኮን ኤፍ ግን 46.5 ነው። ሌንሱ ገና ሲገጠም ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ርቆ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ቅርብ ያለውን አበባ እንጂ ማዶ ያለውን ታቦር ተራራ አያጠራም። ይህን ለማረም መስታወት ያለበት አዳፕተር ይሸጣል፤ እኔ አልመክረውም። ጥሩ ሌንስ ኋላ ርካሽ መስታወት መለጠፍ ነው።

ውስጣቸው አንጸባራቂ መስታወት የሌላቸው (ሚረርለስ) አዳዲስ ካሜራዎች ባለቤቶች ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ናችሁ። የሶኒ ኢ 18፣ የካኖን አርኤፍ 20፣ የኒኮን ዜድ 16 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆኑ ከሞላ ጎደል ማንኛውንም የድሮ የፊልም ካሜራ ሌንስ ያስተናግዳሉ። ካሜራው «ሌንስ የለም» ብሎ አልነሳም ካለህ፣ በምርጫዎቹ ዝርዝር (ሜኑ) ውስጥ ሌንስ ባይኖርም እንዲያነሳ የሚፈቅደውን ቦታ ፈልገህ ክፈት። የዚህ ጥያቄ ግማሹ መፍትሔ እርሱ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሄሊዮስ 44ኤም-4 እና ከእርሱ በኋላ የመጡት ከኋላቸው ትንሽ መርፌ አለቻቸው፤ ካልተጫነች አፐርቸሩ ሁልጊዜ ክፍት ይቀራል። ለእነርሱ ከንፈር ያለው፣ መርፌዋን የሚጫን አዳፕተር ግዛ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ከፍቼ፣ በኤፍ 2 ያነሳኋቸው ፎቶዎች ሁሉ ደብዛዛ ናቸው። በካሜራው መስኮት ሳይ ጥርት ብለው ነበር። ሌንሴ ተበላሽቶ ይሆን?

ሌንስህን አትክሰስ። የዘመኑ ዲኤስኤልአር የማያ መስታወት የተሠራው ብሩህ እንዲሆን ነው፤ በኤፍ 2 የሚፈጠረውን ቀጭን የጥራት ክልል በትክክል አያሳይህም፤ ወደ ኤፍ 2.8 የተጠጋ ነገር ያሳይህና ያታልልሃል። በጀርባው ስክሪን ላይ በቀጥታ እያየህ፣ ዓይኑን 10 ጊዜ አጉልተህ ፎከስ አድርግ።

ስፋቱንም እወቀው። በ58 ሚሊሜትር ሌንስ፣ በኤፍ 2፣ 1.5 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ስታነሳ በትንሽ ሴንሰር ላይ ጥርት የሚለው ጠቅላላ ጥልቀት 5 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ሰውየው ትንፋሽ ሲስብ ይወዛወዛል፤ አንተም ትወዛወዛለህ፤ 5 ሳንቲሜትር እንግዲህ ምን አላት? ኤፍ 4 ላይ ዝጋው፣ ክልሉ እጥፍ ይሆናል። ቅርብ በምታነሳበት ጊዜ ደግሞ ቀለበቱን ከማሽከርከር ይልቅ ሰውነትህን በቀስታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማድረግ ይፈጥናል።

ደብዛዛ ጀርባ ስለሚያምር ብቻ ሁሉን በኤፍ 2 ማንሳት ጣዕሙ ቶሎ ያልቃል፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው። ጀርባው ላይ ሐይቁ፣ ጀልባውና ሰዉ እያሉ ሁሉንም ወደ ጭጋግ መለወጥ ለምን?

ጥያቄ፦ በሄሊዮስ የተነሳ ፎቶ ጀርባው ይሽከረከራል ይላሉ፤ የእኔ ለምን አይሽከረከርም?

ሽክርክሪቱ የሚፈጠረው በምስሉ ዳርና ዳር ነው። ከጎን የሚመጣውን ብርሃን የሌንሱ አካል በከፊል ስለሚጋርደው፣ ክብ መሆን የነበረባቸው የብርሃን ነጠብጣቦች እንደ ድመት ዓይን ይሾላሉ፤ ዙሪያውን ተደርድረው ሲታዩ የሚዞሩ ይመስላሉ። የአንተ ካሜራ ትንሽ ሴንሰር ስላለው ያንኑ ዳር ቆርጦ ይጥለዋል። ጀርባው ላይም በርቀት ቅጠል የሞላበት ዛፍ ያስፈልጋል፤ ብርሃን በቅጠሉ መሃል ሾልኮ የሚታይበት። አሞራ ገደል ያሉት ትልልቅ ዛፎች ለዚህ የተፈጠሩ ናቸው።

ጥያቄ፦ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ጠዋት ጠዋት እሄዳለሁ። ሰዉም ወፉም ስለሚንቀሳቀስ በእጅ ፎከስ ማድረግ አልሆነልኝም።

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር፤ የድሮ ሌንስ ከአዲሱ የማያንስበት ቦታ ይኸው ነውና። መልሱ እዚያ ቆመህ ፎከስ አለማድረግ ነው፤ ከመድረስህ በፊት ታደርገዋለህ።

ሰፊ ሌንስ ያዝ። በሙሉ መጠን ሴንሰር ወይም በፊልም ካሜራ 35 ሚሊሜትር፣ በትንሽ ሴንሰር 28 ሚሊሜትር ይሁን። አፐርቸሩን ኤፍ 8 ላይ፣ ርቀቱን 5 ሜትር ላይ አስቀምጥ። አሁን ከሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ጀምሮ እስከ አድማስ ድረስ ሁሉም ለዓይን ጥርት ይላል። ቀለበቱን ሳትነካ ጀልባው ሲጠጋ፣ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ሲያራግፍ፣ ሴቶቹ ቆሮሶውን ሲገፍፉ ማንሳት ብቻ ነው። በሌንሱ ላይ የተቀረጹት የጥልቀት ምልክቶች ለፊልም የተሰሉ ስለሆኑ፣ ትንሽ ሴንሰር ካለህ በኤፍ 8 እያነሳህ የ5.6ቱን ምልክት አንብብ።

የዓሣ አንጀት የምትጠብቀው አባ ኮዳ ደግሞ ለጀማሪ የተሰጠች ስጦታ ናት፤ ትላልቅ እርምጃዋን እየቆጠረች ትራመዳለች፣ ብዙ ጊዜም ዝም ብላ ትቆማለች። ክንፏን ስትዘረጋ ለመያዝ ከፈለግህ የምታርፍበትን ቦታ ገምተህ፣ ለምሳሌ የጀልባውን ጠርዝ፣ አስቀድመህ አጥራና ጠብቅ። ውኃው ላይ ያለችውን ወፍ ከነበረራዋ በረጅም ሌንስ መከተል ግን በእጅ ፎከስ አድካሚ ነው፤ እዚያ ላይ አዲሱ ሌንስ ያሸንፋል፣ አልከራከርም።

ሠራተኞቹን ከማንሳትህ በፊት ሰላም በል፣ አስፈቅድ። ቢላዋ ይዞ የሚሠራ ሰው ድንገት ሊደነግጥ አይገባም።

ጥያቄ፦ ሌንሴ ውስጥ የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር አየሁ።

ሻጋታ ነው። ለእኛ ለሐይቅ ዳር ሰዎች ዋናው ጠላት አቧራ ሳይሆን እርሱ ነው፤ በተለይ በክረምት። ሻጋታ እርጥበት፣ ጨለማና የማይንቀሳቀስ አየር ይወዳል፤ ስለዚህ ሌንስን ከቆዳ ቦርሳው ጋር በቁም ሣጥን መዝጋት እንደ መጋበዝ ነው። ቆዳው እርጥበት ይይዛል። ቦርሳውን ለብቻው አስቀምጡት።

የምታስፈልጋችሁ በደንብ የሚገጥም ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃና ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚወጡት የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ናቸው። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ካገኛችሁ ከ40 እስከ 50 በመቶ መካከል ጠብቁት። ሩዝ የሚጨምሩ አሉ፤ የሩዝ ዱቄት ሌንስ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ማሰብ ይበቃል።

አሁን ያየኸው በጊዜ ከተጸዳ ሊለቅ ይችላል። ከቆየ ግን የሚያመነጨው አሲድ የመስታወቱን ሽፋን ስለሚበላ ጠባሳው አይጠፋም። የፀሐይ ብርሃን እድገቱን ሊገታው ይችላል፤ የበላውን ግን አይመልስም። በዳር ያለች ትንሽ ሻጋታ ፎቶው ላይ አትታይም፤ ወደ ፀሐይ ስታነሳ ግን ምስሉ ይገረጣል። ሌንስ ስትገዙም ክዳኖቹን አውልቃችሁ፣ አፐርቸሩን ከፍታችሁ፣ በስልክ መብራት ከኋላ እያበራችሁ እዩ። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ መልካም ቀን ተመኝታችሁለት ሂዱ።

ጥያቄ፦ ቢጫ የሆነ ሱፐር ታኩማር 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.4 ሌንስ አገኘሁ። ጨረር አለው አሉኝ።

እውነት ነው፤ መስታወቱ ውስጥ ቶሪየም ያለበት ዓይነት አለ፣ ቢጫነቱም ከዚያ የመጣ ነው። ጨረሩ አነስተኛ ስለሆነ ፎቶ ማንሳት አያሰጋም፤ መስታወቱን ግን አትፈቅፍቀው፣ አትስበረው። ቢጫው በፀሐይ ለሳምንታት ሲቀመጥ ይቀንሳል። የኋላ ክዳኑን ሳትገጥም መስኮት ላይ አትተወው፤ ሌንስ መሆኑን አትርሳ፣ መጋረጃ ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ ለብዙ ዘመን ጉርድ ፎቶ በማንሳት የኖርኩ ነኝ። ያሺካ ማት 124 ጂ አለኝ፤ የባትሪው ዓይነት ከገበያ ጠፋ። ካሜራው ዋጋ አጣ?

ጋሼ፣ ለእርስዎ መመለስ ድፍረት ይሆንብኛል። ያ ባትሪ 1.35 ቮልት የሚሰጥ የሜርኩሪ ባትሪ ነበር፤ ሜርኩሪ በመከልከሉ ጠፋ። የሚያገለግለው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ስለሆነ ካሜራው ያለ እርሱ ያነሳል። ለመስማት ለሚቸገሩ ሰዎች የመስሚያ መሣሪያ የሚሸጠው 675 ቁጥር ባትሪ በቮልት የተጠጋ ስለሆነ በማሟያ ቀለበት ይሞክሩት፤ የአየር ቀዳዳውን ሲከፍቱት ግን ዕድሜው አጭር ነው።

ካልሆነም የሚያውቁት ሕግ አለ፦ በጠራራ ፀሐይ ኤፍ 16 ላይ አድርገው፣ ፍጥነቱን ከፊልሙ አይኤስኦ (የብርሃን ስሜት ቁጥር) ጋር ያቀራርቡታል፤ 100 ከሆነ አንድ መቶ ሃያ አምስተኛ ሰከንድ። ደመና ሲጋርድ ኤፍ 8፣ ጥላ ውስጥ ኤፍ 4። ሐይቁ ሲያበራ መለኪያ ያላቸው ልጆች ሁሉ ፊት ያጨልማሉ፤ እርስዎ ግን በልምድ ያውቁታል። እባክዎ ሲመችዎ መጥተው ያሳዩን።

ጥያቄ፦ ፊልም አንስቼ የት ላሳጥበው?

ፊልም ከመግዛትህ በፊት የምትመልሰው ጥያቄ ይኼ ነው። የቀለም ፊልም ማጠቢያ ኬሚካሉ 37.8 ዲግሪ ላይ ሳይዛነፍ መቆየት ስላለበት ለቤት ያስቸግራል። ጥቁርና ነጩን ግን ራስህ እጠበው። ለምሳሌ ኢልፎርድ ኤችፒ 5 ፕላስ የተባለው ፊልም አይዲ-11 በሚባለው ማጠቢያ ኬሚካል፣ ሳይቀጠን፣ በ20 ዲግሪ፣ ሰባት ደቂቃ ተኩል ነው። የሐዋሳ ውኃ በቀን ከዚያ ይሞቃልና ዕቃውን በረዶ ባለበት ሳፋ ውስጥ አቀዝቅዘው። ፊልም ከውጭ የሚያመጣልህ ዘመድ ካለ በሚጫን ሻንጣ እንዳይከተው ንገረው፤ የዚያ ፍተሻ ጨረር ያበላሸዋል። በእጁ ይዞ በዓይን እንዲፈትሹለት ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ በድሮ ሌንስ ሠርግ ላንሳ?

አይ። ሙሽራዋ በሩን የምታልፈው አንዴ ነው። ከሠርጉ ማግሥት፣ መልስ ላይ፣ ቤተሰቡ ዘና ብሎ ሲቀመጥ አውጣው።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ሌንስ ልገዛ ነው፤ 135 ወይስ 28 ሚሊሜትር?

28። 135 የሐዋሳን ሐይቅ ያቀርብልሃል፤ 28 ግን አንተን ወደ ሰው ያቀርብሃል። እስኪመጣልህም ድረስ ያለህን 58 በኤፍ 8 ላይ አስረህ ገበያ ውጣ።