መልስ፦ የህንድ ፊልም ሂንዲ ብቻ ነው?

«የህንድ ፊልም ሁሉ ሂንዲ ነው? የሌሎቹን ቋንቋዎች የሚያሳይ ፌስቲቫልስ አለ?» ላልከው ወንድሜ፣ አለ እንጂ! በህንዷ ጎዋ ክልል የሚካሄደው የፊልም ፌስቲቫል «ኢንዲያን ፓኖራማ» የሚባል ክፍል አለው፤ የየክልሉን ቋንቋ ፊልሞች እዚያ ታገኛለህ። እኔ ግን የምመክርህ በደቡብ ህንድ ያለችውን የኬረላ ክልል ፌስቲቫል ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ተጀመረ፤ የሚያዘጋጀው የክልሉ መንግሥት የፊልም አካዳሚ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ መግቢያ ላይ በክልሉ ዋና ከተማ በቲሩቫናንታፑራም ውስጥ ይካሄዳል። በኬረላ ቋንቋ በማላያላም የተሠሩ ፊልሞች የራሳቸው ክፍል አላቸው። ተመልካቹ ደግሞ ጉድ ነው፤ ተማሪው ረጅም ሰልፍ ይዞ ይጠብቃል፣ ወንበር ካለቀ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ያያል፣ ለሚወደው ፊልምም ድምፅ ይሰጣል። ከሁሉም ደስ የሚለኝ ዋናው ውድድር ለእስያ፣ ለአፍሪካና ለላቲን አሜሪካ ፊልሞች መሆኑ ነው። የእኛም ልጆች ፊልማቸውን ቢልኩ በሩ ክፍት ነው።