ጥያቄና መልስ፦ ሶልደር ፔስትና እግራቸው የተቀራረበ ቺፖች

መላሹ በአዳማ የሬዲዮና የሞባይል ቦርድ ሲጠግኑ የኖሩ፣ ሁላችንም “ጋሼ” የምንላቸው የቡድናችን አባል ናቸው። ሶልደር ፔስት የመበየጃ ብረት ዱቄትና ፍላክስ (ብረቱ እንዲይዝ የሚረዳ ኬሚካል) የተቀላቀሉበት ሊጥ መሰል ነገር ነው።

ጥያቄ (ተማሪ)፦ ጋሼ፣ ከእግር እስከ እግር 0.5 ሚሊሜትር የሆነ ቺፕ ስበይድ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት እግሮች ሾርት ይሆኑብኛል (እርስ በርስ ይገናኙብኛል)። በእያንዳንዱ ፓድ (እግሩ የሚያርፍበት የቦርዱ መዳብ) ላይ በመርፌ ጫፍ የፔስት ነጥብ ባደርግ ይሻል ይሆን?

መልስ፦ አይሻልም፤ እጅ እኩል መጠን ያላቸው ነጥቦችን በዚያ ጥበት ውስጥ ማስቀመጥ አይችልም። ይልቁንስ በፓዶቹ ረድፍ ላይ እንደ ክር የቀጠነ አንድ የፔስት መስመር ከዳር እስከ ዳር አስምር፤ ቅይጡ ሲቀልጥ የቦርዱን አረንጓዴ ሽፋን ትቶ ወደ መዳቡና ወደ እግሮቹ ይሰበሰባል። ፔስቱ በክብደት 90 በመቶ ያህሉ ብረት ቢሆንም፣ በይዘት ግን ግማሽ የሚጠጋው ፍላክስ ስለሆነ፣ ሲቀልጥ መጠኑ ይቀንሳል፤ ይህን አይተህ ያነሰ መስሎህ አትጨምር። ሾርቱን የሚያመጣው ብዛቱ ነው። ከተገናኘም ፍላክስ ጨምረህ በንጹሕ የመበየጃ አይረን ጫፍ ወደ ውጭ ሳበው፤ እንቢ ካለ የቀለጠውን በሚመጥ የመዳብ ጥልፍ አንሣው።

ጥያቄ፦ የትኛውን ኩባንያ ፔስት ልግዛ?

መልስ፦ የኩባንያ ስም አልጠራም። የማብቂያ ቀኑን እይ፤ የብረት ዱቄቱ “ዓይነት 4” (Type 4) ከሆነ፣ ማለትም የቅንጣቱ መጠን ከ20 እስከ 38 ማይክሮን፣ ይበቃሃል።

ጥያቄ (ሴት አባል)፦ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ የግድ ነው?

መልስ፦ ሰው ሁሉ የሚንቀው፣ እኔን ግን ሁልጊዜ የሚያናግረኝ ጥያቄ ይህ ነው። አብዛኛው ፔስት ከ0 እስከ 10 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ ይፈልጋል፤ የአዳማ የቀትር ሙቀት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለ ሱቅ ውስጥ ሲገባ ፍላክሱ ከብረት ዱቄቱ ጋር መዋሐድ ይጀምርና ፔስቱ ይወፍራል፣ ሲቀልጥም ፓዱን ከመያዝ ይልቅ ጥቃቅን እንክብል ይሆናል። ከፍሪጅ ስታወጪው ግን ክዳኑን አትክፈቺ! ትልቁ ዕቃ ለአራት ሰዓታት ያህል ታሽጎ ይቆይ። ቀዝቃዛውን ከከፈትሽው የአየሩ እርጥበት ላዩ ላይ ጠል ይሆናል፤ ውኃው በሙቀት ሲፈላ ፔስቱን ይረጨዋል፣ እንክብሎቹም ቺፑ ሥር ገብተው ይደበቃሉ። ለማፋጠን በሆት ኤር (በሙቅ አየር መንፊያ) አታሙቂው፤ የተረፈውንም ወደ ዋናው ዕቃ አትመልሺ።

ሌላ አባል፦ ይህ ሁሉ ድካም እርሳስ (ሊድ የተባለው ብረት) ላለበት ፔስት ነው? አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ እርሳስን ከአብዛኛው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አግዷል።

የሞባይል ጠጋኝ፦ ወንድሜ፣ እርሳስ ያለበት በ183 ዲግሪ ይቀልጣል፤ የተለመደው እርሳስ የሌለበት ግን ከ217 በላይ ይፈልጋል። የፕላስቲክ ሶኬቱ ሲቀልጥ አውሮፓ አይከፍልልኝም።

ሌላ አባል፦ ጤናህስ?

መልስ፦ ክርክሩን እዚህ አቁሙልኝ። ሁለቱን ዓይነት አታደባልቁ፤ እጃችሁን ሳትታጠቡ አትብሉ፤ መስኮት ክፈቱ።

ጥያቄ፦ የእኔ ፔስት አይሠራም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ “አይሠራም” ማለት ምን ማለት ነው? አይቀልጥም? ይቀልጣል ግን አይዝም? ደርቋል? ፎቶ አያይዝና ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ከፍሪጅ አውጥቼ ወዲያው ብጠቀምስ?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። ቅዝቃዜው ሳይለቀው አይከፈትም!

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሆዱ ሥር ትልቅ ፓድ ያለው ቺፕ ሲቀልጥ ይንሳፈፍብኛል።

መልስ፦ መካከሉን ፓድ ሙሉ በሙሉ ቀብተኸዋል ማለት ነው። በመካከላቸው ክፍተት ያላቸው አነስተኛ ነጥቦች አድርግበት፤ የሆት ኤሩንም ንፋስ ቀንሰው፣ አለበለዚያ ቺፑን ከቦታው ይገፋዋል።