ፍርሃቱን ማን ላይ ትጥላላችሁ? ለወጣት ጸሐፊዎች የጳጉሜን ደብዳቤ

ውድ ልጆቼ፣

ጳጉሜን ሲገባ ስልኬ አያርፍም። "ጋሼ፣ ዘንድሮ ካነበቡት የትኛው ይበልጣል? ምን እናንብብ?" ትሉኛላችሁ። ዕድሜዬን ሙሉ አስፈሪ ታሪክ ስጽፍ ስለኖርኩ ጥያቄው የሚመጣው ስለ ሆረር ነው። ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ ዘንድሮ አንድ ላይ ልጻፍላችሁ ብዬ ተቀመጥኩ።

የሐዋሳ ክረምት ለንባብ ይመቻል። ዝናቡ ቤት ያስቀምጣል። መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥኑም ዝም ይላል። እኔ ዘንድሮ አዲስ መጽሐፍ ብዙም አላሳደድኩም። ድሮ የማውቃቸውን እያወጣሁ ደገምኩ። ስደግማቸው ግን አንድ ጥያቄ ከሁሉም ውስጥ እየወጣ ያዘኝ። አንባቢው እንዲፈራው የተደረገው ማን ነው? ያ ሰው አፍ ቢሰጠው ምን ይል ነበር?

ከሜሪ ሼሊ ልጀምር። "ፍራንከንስታይን"ን ብዙዎቻችሁ የምታውቁት በፊልም ነው። አንገቱ ላይ ብሎን ያለበት፣ ቃል የማይወጣው ግዙፍ ሰው ትዝ ይላችኋል። (ፍራንከንስታይን ያን ግዙፍ ፍጡር የሠራው ሰው ስም ነው። ለፍጡሩ ስም እንኳን የሰጠው የለም።) መጽሐፉ ውስጥ ግን ፍጡሩ ይናገራል። ያውም ከፈጣሪው አብልጦ ይናገራል።

የተጻፈበት ሁኔታ ራሱ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1815 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታምቦራ የሚባል እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ከእሱ የወጣው ነገር ሰማይ ላይ ተበትኖ በሚቀጥለው ዓመት አውሮፓ በጋ አጣች። ሜሪ በዚያ በ1816 ከጓደኞቿ ጋር ስዊዘርላንድ፣ ጄኔቫ ሐይቅ አጠገብ ነበረች። ዝናቡ አላስወጣ ሲላቸው ገጣሚው ባይረን ሁሉም አንድ አንድ የመናፍስት ታሪክ እንዲጽፉ ሐሳብ አቀረበ። ሜሪ ያኔ 18 ዓመቷ ነበር። መጽሐፉ በ1818 ሲታተም ስሟ አልወጣበትም። ሐይቅ፣ ዝናብ፣ ቤት የዋለ ወጣት። የሐዋሳ ልጆች፣ ከዚህ ውስጥ ምን ጎደላችሁ?

ዘንድሮ ልቤን የነካው ክፍል ይኸኛው ነው። ፍጡሩ ከአንድ የገጠር ጎጆ ጋር በተያያዘች ጠባብ ማደሪያ ተደብቆ ይኖራል። በግድግዳው ስንጥቅ አንድ ድሃ ቤተሰብ ያያል። ቋንቋ የሚማረው እነሱን እያዳመጠ ነው። ሌሊት እንጨት ለቅሞ ደጃቸው ላይ ያስቀምጥላቸዋል። አንድ ቀን ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቆ ዓይነ ስውሩ አባት ጋ ይገባል። ሽማግሌው መልኩን አያይም። ድምፁን ብቻ ሰምቶ ያስቀምጠዋል፣ በደግነት ያነጋግረዋል። ልጆቹ ሲመለሱ ግን መልኩን ያያሉ። ሴት ልጁ ራሷን ትስታለች። ወንዱ በዱላ ይቀጠቅጠዋል። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ ሁሉ ወደ ደም የሚሄደው።

ይህን ክፍል እዚሁ ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ተቀምጬ ሳነብ ፍርሃቴ ቦታ ሲቀይር ተሰማኝ። ጸሐፊዋ ከፍጡሩ ላይ አንስታ ዱላ የያዘው እጅ ላይ አስቀመጠችው። እስካሁን የማውቀው ትልቁ የሆረር ጥበብ ይህ ነው።

ነገሩን ያነሳሁት ለእናንተ ስል ነው። ከምታመጡልኝ ጽሑፎች መሃል የቡዳ ታሪክ አይጠፋም። ሸክላ ሠሪዋ ማታ ጅብ ትሆናለች፣ አንጥረኛው ሕፃን በዓይኑ ይበላል። በዚህ ዓመት ከመካከላችሁ አንዱ እንዲህ ያለ ታሪክ ጽፎ አነበበልኝ። አጻጻፉ ጎበዝ ነው። ጨለማው ይዳሰሳል፣ የጅቡ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ቀርቷል። ሲጨርስ "ሴትዮዋስ ምን አለች?" አልኩት።

"የቷ ሴትዮ?"

"ሸክላ ሠሪዋ።"

"ጋሼ፣ እሷ እኮ ናት ጅቧ!" አለኝ።

ልጆቼ፣ በሀገራችን ቡዳ ሲባሉ የኖሩት እውነተኛ ሰዎች ናቸው። ማረሻችንን የቀጠቀጡ፣ ጀበናችንንና ምጣዳችንን የሠሩ ሰዎች ናቸው። በሰሜንም በደቡብም አብሯቸው የሚበላ፣ ልጁን የሚድርላቸው ጎረቤት አጥተው ስንት ዘመን ኖረዋል። ያ ፍርሃት ዛሬም አልሞተም። አንድ ጎበዝ ጸሐፊ በጥሩ አማርኛ ሲያሳምረው ደግሞ ዕድሜ ይቀጥልለታል። እኔ ቡዳን አትጻፉ አልልም። ጻፉት። ግን ሌሊቱን እሷ ቤት ውስጥ ገብታችሁ ጻፉት። ደጇ ላይ ኮቴ ሲበዛ፣ ትናንት ከእሷ ገንቦ የገዛ ጎረቤቷ የታመመ ልጁን ስም እየጠራ ሲጮህ፣ በሯን በምን ትደግፋለች? ልጆቿን የት ትደብቃለች? እሱን ከጻፋችሁልኝ እኔም እንቅልፍ አጣለሁ።

የቀደሙት ሰዎች ይህን መንገድ ያውቁት ነበር። የበላዔ ሰብን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፣ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይም ሥዕሉን አይታችኋል። ተአምረ ማርያም ውስጥ ያለ ታሪክ ነው። ዘንድሮ በልብወለድ ጸሐፊ ዓይን እንደገና አነበብኩት። ሰውየው 78 ሰው በልቷል፣ የገዛ ቤተሰቡን ጭምር። ከዚህ የከፋ ምን አለ? ታሪኩ ግን መንገድ ላይ ያቆመዋል። ቁስለኛ፣ ውሃ የጠማው ሰው ይለምነዋል። በእግዚአብሔር ስም ሲለው እምቢ ይላል። በጻድቃን ስም ሲለው እምቢ ይላል። በእመቤታችን ስም ሲለው ጥርኝ ውሃ ይሰጠዋል። በኋላ ሚዛን ላይ በአንድ በኩል 78ቱ ነፍስ፣ በሌላው ያቺ ውሃ ይቀመጣሉ። ውሃዋ ትመዝናለች።

ሃይማኖታችሁ ምንም ይሁን ይህን ታሪክ አጥኑት። ሰው በላው እጁን ዘርግቶ ውሃ የሚሰጥበት ቦታ ላይ ከበፊቱ ይልቅ ፈራሁት። ሰው መሆኑን አየሁና።

ሦስተኛው በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ ነው። አሜሪካዊቷ ሸርሊ ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1948 "ኒው ዮርከር" መጽሔት ላይ ያወጣችው "ዘ ሎተሪ" የሚባል አጭር ልብወለድ። ጠዋት ነው፣ ፀሐይ ወጥቷል፣ ሣሩ ለምልሟል። የመንደሩ ሰው አደባባይ ይሰበሰባል። ልጆች ኪሳቸውን ድንጋይ ይሞላሉ። ለምን እንደሆነ አልነግራችሁም። ጭራቅ የለበትም፣ መንፈስ የለበትም። ያሉት ጎረቤቶች ብቻ ናቸው። ታሪኩ እንደወጣ መጽሔቱ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ወረዱበት። ተናደው መጽሔቱን መግዛት ያቆሙ ነበሩ። አንዳንዶቹ ደግሞ ይህ ነገር የት እንደሚካሄድ፣ ሄደው ማየት ይችሉ እንደሆነ ጠየቁ። እኔን ከታሪኩ ይልቅ የሚያስፈሩኝ እነዚህ ናቸው።

ስለ ፀሐይ ካነሳሁ አይቀር፣ የእናንተ ታሪክ ሁልጊዜ ሌሊት ነው፣ ሁልጊዜ መብረቅ አለ። መዝሙረ ዳዊት እኮ ስለ ቀትር ጋኔን ይናገራል። እናቶቻችንም በቀትር ወንዝ ዳር አትሂዱ ይሉን ነበር። እስቲ የሐይቁን ዳር የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደልን፣ በጠራራ ፀሐይ አስቡት። ገበያው ተበትኗል። ሰው ጥላ ፍለጋ ሄዷል። አባ ኮዳዎቹ ብቻ ቆመዋል። ጀልባ አንዱ ጋ ታስሯል፣ ባለቤቱ የለም። ከዚያ ጀምሩ።

የናይጄሪያዊውን የአሞስ ቱቱኦላን "ዘ ፓልም ዋይን ድሪንካርድ" ያገኘ ሰው አይለፈው። እ.ኤ.አ. በ1952 ለንደን ታተመ። ቱቱኦላ ብዙ አልተማረም፣ ሌጎስ ውስጥ የመሥሪያ ቤት ተላላኪ ነበር። በመጽሐፉ አንዲት ልጅ ገበያ ላይ እጅግ ያማረ ወንድ አይታ ትከተለዋለች። ጫካ ሲገቡ ሰውየው የተከራየውን የሰውነት ክፍል ለየባለቤቱ መመለስ ይጀምራል። እግሩን ይመልሳል፣ ኪራዩን ይከፍላል። እጁን ይመልሳል። በመጨረሻ የሚቀረው የራስ ቅል ብቻ ነው። ቱቱኦላ ይህን ያመጣው ከሕዝቡ ከዮሩባ ተረት ነው። እንግሊዝኛው ተሰባበረ ብለው ያፈሩበት የሀገሩ ሰዎች ነበሩ። እሱ ግን እንደሚያወራው ጻፈ፣ መጽሐፉም ዛሬ ድረስ ይነበባል።

እባካችሁ ቫምፓየር ሐዋሳ ድረስ አታስመጡ። አያቶቻችሁ በሲዳሙ አፎ፣ በወላይትኛ፣ በአማርኛ የሚያወሩት ሞልቷል። በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው። ስትጠይቁም ተረቱን ብቻ አትቅዱ። የት ጋ ድምፃቸውን ዝቅ እንደሚያደርጉ፣ የት ጋ ዝም እንደሚሉ አስተውሉ።

የእንግሊዛዊው ጄኮብስ አጭር ልብወለድ "ዘ መንኪስ ፖው" (የዝንጀሮዋ መዳፍ) እ.ኤ.አ. የ1902 ሥራ ነው። እሱን ለአንድ ነገር ብቻ አንብቡት። መጨረሻ ላይ በር ይንኳኳል፣ ማን እንደቆመ ግን አናይም። ከእናንተ አብዛኞቻችሁ በሩን ትከፍቱታላችሁ። አትክፈቱት።

እኔ ራሴ ዘንድሮ የጨረስኩት አንድ አጭር ታሪክ ነው። አንድ ዓሣ አጥማጅ ሐይቁ ላይ ወጥቶ ይቀራል። ጉማሬ ገለበጠው የሚል አለ፣ ሌላም የሚሉ አሉ። ሰፈሩ ግን ቶሎ ብሎ ሚስቱን "ገፊ ናት" ይላታል። የመጀመሪያ ባሏም ሞቶባት ነበርና። ታሪኩን የምትናገረው እሷ ናት። ስለ ሐይቁ አንዲት ቃል አትናገርም። የምትናገረው ሱቅ ስትሄድ ባለሱቁ መልሱን እጇ ላይ ማስቀመጥ ትቶ ጠረጴዛ ላይ እንደጀመረ፣ የጎረቤት ልጆች ደጇ ላይ መጫወት እንዳቆሙ ነው። ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ደም ያለበትን ሁሉ እያወጣሁ ስጥል ቆየሁ። ሲቀንስ ታሪኩ እየከበደ መጣ።

ለመጪው ዓመት የቶኒ ሞሪሰንን "ቢለቭድ" ለመድገም አውጥቼ አስቀምጫለሁ። ባርነት ስለሰበራት እናትና ተመልሳ ስለመጣች ልጇ ነው። ከባድ መጽሐፍ ነው፣ እናንተም አትቸኩሉበት። ብቻችሁን ከምታነቡት ሁለት ሦስት ሆናችሁ አንብቡት፣ መሃል ላይ የምታወሩት ሰው ያስፈልጋችኋል።

ከመስቀል በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ክፍት ነው። ጽሑፋችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ከአምስት ገጽ አይብለጥ። ጮክ ብላችሁ ነው የምታነቡት፣ ስለዚህ ቤታችሁ ተለማመዱ። በእጅ የጻፋችሁም ኑ፣ የሚነበብ ይሁን ብቻ። ቡናውን እኔ አፈላለሁ።

እንኳን አብሮ አደረሰን።