«ልጄን ባለቤቴ ሳያውቅ ወደ ጭፈራው ልላካት?»

ውድ ጠያቂያችን፣ ከዳላስ የላኩልንን ደብዳቤ በጥሞና አንብቤዋለሁ። የ16 ዓመት ልጅዎ ትምህርት ቤቷ በሚያዘጋጀው የዳንስ ምሽት ላይ መገኘት እንደምትፈልግ፣ በቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉት ባለቤትዎ ግን «በእኔ ቤት እያለች አይሆንም» ብለው ስልኳን እንደወሰዱባት፣ እሷም ሰባኪ ጭፈራን ስላስከለከለባት ትንሽ ከተማ የሚተርከውን «ፉትሉዝ» የተባለውን ፊልም አሳይታዎ «አባዬ ልክ እንደዚህ ሰባኪ ነው» እንዳለችዎት ጽፈዋል።

በድብቅ አይላኳት። ይህን የምለው ጭፈራ ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም በሚለው ክርክር ውስጥ ገብቼ አይደለም፤ እሱን ለአባቶች እተወዋለሁ። (በፊልሙ ክልከላውን የሚቃወመው ወጣት የዳዊትን በታቦቱ ፊት መዝለል ለከተማው ምክር ቤት ሲጠቅስ፣ ሽብሸባ እያየ ያደገ ሰው ፈገግ ማለቱ ግን አይቀርም።) ስጋቴ ሌላ ነው፤ ምስጢሩ እናትና ልጅን በአንድ ወገን፣ አባትን በሌላ ወገን ያቆማል፣ ልጅቱም የአባቷን እምቢታ ተነጋግሮ ከመለወጥ ይልቅ ዞሮ ማለፍን ትለምዳለች።

እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ይህ ፊልም የተነሣሣው እናንተ ካላችሁበት ቴክሳስ ጋር በምትዋሰነው ኦክላሆማ፣ ኤልሞር ሲቲ በተባለች ትንሽ ከተማ ከሆነ እውነተኛ ታሪክ ነው፤ ጭፈራ ለረጅም ዘመን በሕግ ተከልክሎ ከኖረ በኋላ ተማሪዎቹ የመጀመሪያ የዳንስ ምሽታቸውን ያገኙት በ1980 ነበር። ልጅዎ በፊልሙ ያየችው ከልካዩን ሰው ነው። ሰባኪው ግን ወንድ ልጁ ከጭፈራ ሲመለስ በመኪና አደጋ የሞተበት አባት ነው፤ ሐዘኑንም ለከተማው ሁሉ ሕግ አደረገው። ክልከላውም ሴት ልጁን አልጠበቀለትም፤ በሚሮጡ ሁለት ተሽከርካሪዎች መካከል እግሯን አንፈራጣ ስትቆም እናያታለን። ጃክ ብሬም የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1966 እንዳብራራው፣ ሰው የራሱ ነው ብሎ የያዘው ነፃነት ሲነጠቅ የተከለከለውን ነገር ይበልጥ ይሻዋል፤ በአፍላ ዕድሜ ደግሞ ይህ እልህ ይበረታል።

በደብዳቤዎ መካከል እንደ ዋዛ ያነሡት አንድ ነገር ትኩረቴን ስቦታል፤ የባለቤትዎ ጓደኛ ልጅ 18 ዓመት ሲሞላት ከቤት ወጥታ ለወላጆቿ ስልክ መደወል እንኳ ማቆሟን፣ ባለቤትዎም ከዚያ ወዲህ መጥበቃቸውን ገልጸዋል። ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ስለዚህ ልጅዎ በሌለችበት፣ ባለቤትዎ ከሥራ መልስ አረፍ ባሉበት ሰዓት «ለምን ትከለክላታለህ?» ሳይሆን «ምን ይደርስባታል ብለህ ነው የምትፈራው?» ብለው ይጠይቋቸው፤ መልሱንም ሳያቋርጡ ይስሙ። በፊልሙ ሰባኪው እንዲለሳለስ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ለዓመታት ዝም ብላ የኖረችው ሚስቱ ለብቻው የነገረችው ቃል መሆኑን ልብ ይበሉ።

ፍርሃታቸው ስም ካገኘ በኋላ ስለ ዝርዝሩ መነጋገር ይቻላል፤ ምሽቱን የሚቆጣጠሩት መምህራን እነማን እንደሆኑ፣ በስንት ሰዓት እንደሚያበቃ፣ ከማን ጋር እንደምትሄድ። ወስደው የሚመልሷት አባቷ ራሳቸው ቢሆኑ እመርጣለሁ፤ መንገድ ላይ ብዙ ይወራልና። አሁንም እምቢ ካሉ የዘንድሮው ምሽት ሊያመልጣት ይችላል፤ ታለቅሳለች፣ ትቆጣለች። ያም ቢሆን ውሳኔውን ስልኳን መልሰው፣ ምክንያታቸውንም ገልጸው እሳቸው ይንገሯት እንጂ እርስዎ መልእክተኛ አይሁኑ።