የቀን ድራማ የሚሰረዘው በምን ሒሳብ ነው? የኔትወርክ ፕሮግራም ክፍል መግባት ለምትፈልግ ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ሜሪላንድ የምኖር የኮሙኒኬሽን ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። እናቴ እንግሊዝኛ የለመደችው የአሜሪካን የቀን ተከታታይ ድራማ እያየች ነው። የምትከታተለው ድራማ የተቋረጠ ዕለት ቤታችን ሐዘን የገባበት ይመስል ነበር። እኔ ግን ያን ውሳኔ ከሚወስኑት ሰዎች አንዷ መሆን እፈልጋለሁ። ምን ልማር? ከየትስ ልጀምር? አዲስ አበባ ብመለስ ይጠቅመኛል?»

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ የእናትሽን ሐዘን አንረሳውም፤ ኋላ እንመለስበታለን። መጀመሪያ ግን ሒሳቡን እንይ፤ ፕሮግራም ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው እሱ ነው። ኃላፊዎቹ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው ጥያቄ «ድራማው ጥሩ ነው ወይ?» የሚል አይደለም። «ይህን የአየር ሰዓት በሌላ ነገር ብንሞላው ስንት ይተርፈናል?» የሚል ነው።

እስቲ እስክሪብቶ ያዢ። ቁጥሮቹ ለልምምድ የመረጥናቸው ናቸው እንጂ የየትኛውም ጣቢያ ሒሳብ አይደሉም። የአንድ ሰዓት ድራማ በዓመት 250 ክፍል ይቀረጻል እንበል፤ አንዱ ክፍል 200,000 ዶላር ይፈጃል። ኔትወርኩ (ፕሮግራሙን ለየከተማው ጣቢያዎች የሚያሰራጨው ድርጅት) በሰዓቱ ውስጥ 24 ባለ 30 ሰከንድ ማስታወቂያ ይሸጣል። አስተዋዋቂው የሚከፍለው ለሺህ ተመልካች ነው፤ ይህ ሲፒኤም ይባላል፣ 15 ዶላር እናድርገው። አስተዋዋቂው የሚፈልጋቸው ተመልካቾች 600,000 ከሆኑ አንዱ ማስታወቂያ 9,000 ዶላር ያወጣል፤ በ24 ሲባዛ 216,000 ይመጣል። በክፍል 16,000 ዶላር ተረፈ ማለት ነው። ተመልካቹ ወደ 500,000 ሲወርድ ገቢው 180,000 ይሆንና በየቀኑ 20,000 ዶላር ኪሳራ ይመጣል።

አሁን በዚያው ሰዓት 110,000 ዶላር የሚፈጅ የውይይት ፕሮግራም አስገቢ። አንድ ስቱዲዮና ጥቂት አቅራቢዎች ይበቁታል። የሚያየው ሰው ከድራማውም አንሶ 400,000 ቢሆን እንኳ 144,000 ዶላር ያስገባል፤ 34,000 ይተርፋል። ትንሽ ተመልካች ያለው ፕሮግራም ብዙ ተመልካች ያለውን የሚያስወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ድራማው ደግሞ ሌላም ጣጣ አለበት፦ በኮንትራት የተያዙ ብዙ ተዋንያን፣ ሁልጊዜ የሚጽፍ የደራሲያን ቡድን፣ ተነቅሎ የሚተከል የቤትና የሆስፒታል ዲኮር። በዚያ ላይ ታሪኩ በየቀኑ ስለሚቀጥል እንደ ውይይት ፕሮግራም ክረምቱን ሙሉ ድጋሚ እያሳዩ ማሳለፍ አይቻልም።

የአሜሪካው ኔትወርክ ኤቢሲ በኤፕሪል 14 ቀን 2011 (እ.ኤ.አ.) «ኦል ማይ ቺልድረን» እና «ዋን ላይፍ ቱ ሊቭ» እንደሚቋረጡ ሲያስታውቅ ከጀርባው የነበረው ይህን የመሰለ ስሌት ነው። የቀን ፕሮግራሞች ኃላፊው ብራያን ፍሮንስ ነበሩ። ከ1970 ጀምሮ የዘለቀው የመጀመሪያው ድራማ በሴፕቴምበር 2011፣ ከ1968 ጀምሮ የነበረው ሁለተኛው በጃንዋሪ 2012 ከኤቢሲ ወረዱ። በአንደኛው ቦታ ስለ ምግብ የሚያወራው «ዘ ቹ»፣ በሌላው ስለ ክብደት መቀነስና አኗኗር የሚያወራው «ዘ ሬቮሉሽን» ገቡ። «ዘ ቹ» እስከ 2018 ዘለቀ። «ዘ ሬቮሉሽን» ግን በዚያው በ2012 አለቀለት፤ በሴፕቴምበር «ጄኔራል ሆስፒታል» ወደ ሰዓቱ ተዛወረና ኤቢሲ ያስለቀቀውን አንድ ሰዓት ለየከተማው አጋር ጣቢያዎች መለሰ።

የት ጋ ተሳሳቱ? እዚህ ላይ በደንብ አተኩሪ፤ የቅጥር ቃለ መጠይቅ ላይ ከሌላው ተማሪ የሚለይሽ ይህ ነው። የወጪው ስሌት ትክክል ነበር። የተሳሳተው የተመልካቹ ግምት ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ የውይይት ፕሮግራሙ እንዳይከስር ቢያንስ 306,000 ያህል ተመልካች ያስፈልገዋል (110,000ን ለ24፣ ከዚያ ለ15 አካፍለሽ በሺህ አባዢው)። «400,000 ይቀራሉ» ያልነው ከምን ተነሥተን ነው? የድራማ ተመልካች የሚቀመጠው ለሰዓቱ ብሎ አይደለም፤ ትናንት ያየው ሰው ዛሬ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ነው። ታሪኩ ሲቆም ቴሌቪዥኑን ይዘጋል ወይም ጣቢያ ይቀይራል። የእናትሽ ሐዘን ሒሳቡ ውስጥ መግባት የነበረበት በዚህ መስመር ነው። አስተዋዋቂም እንደዚያው ሊቆጣ ይችላል፤ የቫኪዩም አምራቹ ሁቨር በ2011 ድራማዎቹ መሰረዛቸውን ተቃውሞ ማስታወቂያውን ከኤቢሲ አንሥቷል። ፍሮንስ ራሳቸውም ከኤቢሲ እንደሚለቁ የተነገረው ዓመቱ ሳያልቅ ነው። ይህ ወንበር የማያወላዳ እንጀራ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ባለቤትነት ነው፤ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። ኤቢሲ እነዚያን ድራማዎች የሚያመርተው ራሱ ስለነበር ሁለቱን ፕሮስፔክት ፓርክ ለተባለ ኩባንያ በፈቃድ ሊያከራይ ችሏል፤ በ2013 በኢንተርኔት ለአጭር ጊዜ ተመልሰው ነበር። ሌላው ኔትወርክ ሲቢኤስ ላይ የነበሩት «ጋይዲንግ ላይት» እና «አዝ ዘ ወርልድ ተርንስ» ግን የሳሙና አምራቹ የፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ነበሩ። እዚያ ኔትወርኩ ያደረገው ውሉን አለማደስ ነው። «ጋይዲንግ ላይት» በ1937 በራዲዮ ጀምሮ በሴፕቴምበር 18 ቀን 2009 አበቃ፤ ሌላው ከ1956 እስከ 2010 ቆየ። ስለዚህ «ተሰረዘ» ከማለትሽ በፊት ባለቤቱ ማን እንደሆነና ውሉ መቼ እንደሚያልቅ ጠይቂ።

ወደ ትምህርቱ ስንመጣ ሌላ ዲግሪ አያስፈልግሽም። ከሚቀሩሽ ሴሚስተሮች አንድ የስታቲስቲክስና አንድ የአካውንቲንግ ኮርስ ጨምሪ፤ ኤክሴል ላይ ፒቮት ቴብል መሥራት እጅሽ ይልመድ። የቴሌቪዥን ተመልካች የሚቆጥረውን የኒልሰን ኩባንያ ቋንቋ ልቅም አድርገሽ እወቂ። ከ100 ቤት 40ው ቴሌቪዥን ከፍቶ ከነዚያ 4ቱ ያንቺን ፕሮግራም ቢያዩ ሬቲንጉ 4 ነው፣ ሼሩ ደግሞ 10 ነው። ሁለቱን ያምታታ አመልካች ወዲያው ይታወቃል። ማስታወቂያ የሚሸጠው ከ2007 ጀምሮ በተለመደው ሲ3 በሚባለው መለኪያ እንደሆነም አትርሺ፤ የሚቆጠረው ማስታወቂያውን በቀጥታ ወይም ቀድቶ በሦስት ቀን ውስጥ ያየ ሰው ነው። ቀድቶ ማስታወቂያውን እያዘለለ የሚያይ ተመልካች ድራማውን ቢወደውም ለሒሳቡ የለም።

ለመግባት ቀጥታ ወደ ፕሮግራም ክፍል አታመልክቺ፤ ጠባብ በር ነው። ሰው የሚያልፈው በጥናት ክፍል (ሪሰርች)፣ ወይም የማስታወቂያ ሰዓት በሚደለደልበት ትራፊክ በሚባለው ክፍል በኩል ነው። የከተማሽ ጣቢያ ትራፊክ ክፍል ውስጥ አንድ ክረምት የሠራች ልጅ የአየር ሰዓት እንዴት እንደሚሸጥ ከማንም በላይ ታውቃለች። የኤማ ቦወን ፋውንዴሽን ተከፋይ ኢንተርንሺፕ ለአንቺ ዓይነት ተማሪ የተከፈተ ነው፣ የኤንቢሲ ፔጅ ፕሮግራም ደግሞ ዲግሪውን ለጨረሰ ሰው ነው፤ የማመልከቻ ጊዜያቸውን ከወዲሁ ተከታተይ።

ከሲቪሽ ጋር የሚሄድ የአንድ ገጽ የውሳኔ ሐሳብ አዘጋጂ። ርዕሱንም እንስጥሽ፦ ሲቢኤስ «ዘ ቶክ» የተባለውን የውይይት ፕሮግራም አንሥቶ ከፌብሯሪ 24 ቀን 2025 ጀምሮ በቦታው «ቢዮንድ ዘ ጌትስ» የተባለ አዲስ ድራማ ለምን አስገባ? «ዘ ቶክ» ራሱ በ2010 የገባው «አዝ ዘ ወርልድ ተርንስ» በለቀቀው ሰዓት ነው፤ ድራማ በወሬ ተተክቶ ወሬው መልሶ በድራማ ተተካ። ታሪኩ የተቀመጠው እዚያው አንቺ ባለሽበት ሜሪላንድ፣ የዋሽንግተን ዳርቻ ላይ ነው፤ የሚቀረጸው ግን አትላንታ አካባቢ ነው። ፕሮክተር ኤንድ ጋምብልም በአጋርነት አለበት፤ ወጪውን የሚጋራ ሲኖር ከላይ ያለው 200,000 ምን ያህል እንደሚቀንስ አስቢው። ገጹ ላይ የጁላይን ተመልካች ከኦክቶበር ጋር አታወዳድሪ፤ ወሩን ካለፈው ዓመት ከራሱ ወር ጋር አስተያዪ። ሰበር ዜና ያቋረጠውን ቀን አውጪው። ሰዓቱን የማያስተላልፉ ወይም ወደ ሌላ ሰዓት የሚያዛውሩ አጋር ጣቢያዎች ካሉም ጻፊ።

አዲስ አበባን በተመለከተ፣ አዎ ይጠቅምሻል። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 (እ.ኤ.አ.) የውጭ ድራማ በአማርኛ እያሰማ ሲጀምር ያነሣው ጥያቄ ያው ነው፦ የማሳያ ፈቃድ መግዣና ድምፅ መመለሻ ከአዲስ ቀረጻ ይረክሳል ወይ?

እስከዚያው አንድ የቤት ሥራ፦ ከላይ ባለው የውይይት ፕሮግራም ሲፒኤሙ ከ15 ወደ 12 ዶላር ቢወርድ፣ ላለመክሰር ስንት ተመልካች ያስፈልጋል? 382,000 አካባቢ ካልመጣልሽ ሲካፈል የሆነ ቦታ ቁጥር ገልብጠሻልና እንደገና ሞክሪው።