«የእጁን ነው ያገኘው» ለምትሉ ልጆቼ

ለምወዳችሁ የአዳማ ልጆች፣

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍላችሁ ያነሣሣኝ ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ዓርብ ዕለት፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ከምናዘወትራት የጀበና ቡና መሸጫ የሰማሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ አባርቶ ባጃጆቹ ጭቃ እየረጩ ያልፉ ነበር፤ እናንተም አራት አምስት ሆናችሁ አንድ ስልክ ላይ አቀርቅራችሁ ነበር። የጃፓን የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ ናራ በተባለች ከተማ ለምርጫ ቅስቀሳ ሲናገሩ በጥይት መመታታቸውንና በእኛ ሰዓት ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ማረፋቸውን የሰማሁት ከእናንተ ነው። ከመካከላችሁ አንደኛው ዜናውን አንብቦ ሳይጨርስ «የእጁን ነው ያገኘው!» አለ፤ ሌላው ሣቀ። ሰውየው ምን አድርገው እንደ ሆነ ስጠይቀው «እኔ ምን ዐውቄ ጋሼ፣ መሪ አይደሉ?» ብሎ መለሰልኝ። ስሙን አልጠቅስም፤ ጨዋ ልጅ ነው፤ ያን ዕለት የቡናዬን ሒሳብ የከፈለውም እሱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሌላ አገር መሪ ተገደለ ወይም ሊገደል ተሞከረ በተባለ ቁጥር ያንኑ ቃል እሰማለሁ። እናንተ እንደ ዋዛ ትናገሩታላችሁ፤ እኔ ግን ዕድሜዬን የፈጀሁት በችሎት ስለ ሆነ ጆሮዬ የፍርድ ቃል አድርጎ ይሰማዋል። «የእጁን ነው ያገኘው» ያለ ሰው በአንድ ትንፋሽ ሟቹ ጥፋተኛ ነው ብሏል፣ ቅጣቱም ሞት ነው ብሏል፣ ተኳሹንም የቅጣቱ ትክክለኛ አስፈጻሚ አድርጎ ሾሞታል። ክስ አልተነበበም፤ ምስክር አልተሰማም፤ መከላከያ የሚባል ነገርም አልቀረበም። እኔ በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ፍርድ ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ገና የመጀመሪያውን ገጽ ገልጦ ይሽርብኝ ነበር።

«ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» ይሉ ነበር አባቶቻችን። በዚያው ዓርብ «የገዳዩ ፎቶግራፍ» ተብሎ አንድ ምስል ሲዞር፣ አንደኛው ልጅ አየት አድርጎ «ይሄ እኮ ጌም የሚሠራው ኮጂማ ነው!» ብሎ ጮኸ። እውነትም ሰውየው ከግድያው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የቪዲዮ ጌም ደራሲ ሂዴዮ ኮጂማ ነበር። ምስሉን በፈረንሳይ አንድ ፖለቲከኛ እንደ እውነት አሰራጭቶት ኋላ ይቅርታ ጠይቋል፤ በግሪክ ደግሞ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ አስተላልፎታል። የጠረጴዛችን ልጅ ከአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የተሻለ መርማሪ ሆኖ መገኘቱ ያን ዕለት ደስ አሰኝቶኛል፤ ጌም ጊዜ ማባከኛ ነው እያልሁ ስቆጣ የኖርሁት እኔም ትንሽ አፍሬአለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ወሬ የሚሳሳተው ሁልጊዜ በችኮላ ብቻ አይደለም፤ ታስቦበት የሚነገርም አለ። የኮንጎው ጠቅላይ ሚኒስትር ፓትሪስ ሉሙምባ በእኛ አቆጣጠር ጥር 9 ቀን 1953 ዓ.ም. ካታንጋ በተባለች የአገሪቱ ግዛት ውስጥ ተረሸኑ። ሞታቸው የተነገረው ግን ወር ሊሞላ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው፤ ያን ጊዜም የካታንጋ ባለሥልጣናት «ከእስር ሲያመልጡ የመንደር ሰዎች ገደሏቸው» ብለው ነበር። በካይሮና በቤልግሬድ ሕዝቡ የኮንጎ ቅኝ ገዥ የነበረችውን የቤልጂግን ኤምባሲ አጠቃ። የእኛ ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ሥር ኮንጎ ነበሩና፣ ከሰፈራችን የዘመተ አንድ አሥር አለቃ ሲመለስ ትልልቆቹ ከበው ማን እንደ ገደላቸው ሲጠይቁት «እኔ ያየሁትን እንጂ የሰማሁትን አልናገርም» ማለቱን ከልጅነቴ አስታውሳለሁ። የቤልጂግ ፓርላማ አጣሪ ኮሚሽን አገሩ የሞራል ኃላፊነት እንዳለበት የገለጸው ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። ከሟቹ አካል የተረፈው አንድ ጥርስ ለቤተሰቡ የተመለሰው ደግሞ በሰኔ 2014 ዓ.ም.፣ እኛ በዚያች በረንዳ ስለ አቤ ከመነጋገራችን ከሦስት ሳምንት ገደማ በፊት ነው።

ተጠርጣሪው ሲያዝ እንኳ ነገሩ ቀላል አይሆንም። ፕሬዚዳንት ኬኔዲን በመግደል የተያዘው ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ በሁለተኛው ቀን ፖሊሶች መሐል እንዳለ በሌላ ሰው ተገደለ። ያ ሰው ብዙዎች በልባቸው የፈረዱትን ፍርድ ፈጸመላቸው፤ አሜሪካ ግን ችሎቱን ለዘለዓለም አጣች። አንደኛው መንግሥታዊ ኮሚሽን ኦስዋልድ ብቻውን ነው ሲል፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ የምክር ቤቱ ኮሚቴ ሤራ ሳይኖር አይቀርም አለ፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። በስዊድን ደግሞ በጠቅላይ ሚኒስትር ኡሎፍ ፓልመ ግድያ የተከሰሰው ሰው የታችኛው ፍርድ ቤት ከፈረደበት በኋላ ይግባኝ ሰሚው በዚያው ዓመት ነፃ አወጣው። በታችኛው ችሎት ጥፋተኛ ነው ያሉት ከሕዝብ የተመረጡት ዳኞች ሲሆኑ፣ ሁለቱ የሕግ ባለሙያዎች ማስረጃው አልበቃንም ብለው በሐሳብ ተለይተው ነበር። መሪውን ያጣ፣ ገዳዩ እንዲያዝለት የጓጓ ሕዝብ ፊት ቆሞ «አልበቃኝም» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው በዚያ ወንበር የተቀመጠ ብቻ ነው።

«ሟቹ እውነትም ጨቋኝ ቢሆንስ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ ደጋግማችሁ ብላችሁኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በደለኛ መሪ ሞልቷል፣ የበደሉትንም ሁሉ አልቅሱላቸው አልላችሁም። ነገር ግን ተከሳሽ ሲሞት የወንጀል መዝገቡ ይዘጋል። ልጇን ያጣች እናት ቆማ የምትናገርበት ቀን፣ ትእዛዙን ማን እንደ ሰጠ የሚገለጥበት ሰነድ፣ «አዎን አድርጌአለሁ» ወይም «አላደረግሁም» የሚባልበት ሰዓት ከሰውየው ጋር ይቀበራል። በመሪው ግድያ የምትደሰቱት ለተበደሉት ስትሉ ከሆነ፣ ጥይቱ የተበደሉትን ምን እንደ ቀማቸው አስቡት።

እዚህ ላይ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ የአቤ ጉዳይ እኔንም ያስጨንቀኛል። ገዳዩ የተነሣሣው እናቱ ለአንድ የሃይማኖት ድርጅት ከፍተኛ ገንዘብ እየሰጡ ቤተሰቡ በመራቆቱ መሆኑንና አቤን ከዚያ ድርጅት ጋር ያያይዛቸው እንደ ነበር ተሰማ። የሐዘኑ አበባ ሳይጠወልግ የሕዝቡ ቁጣ ወደ ድርጅቱና ወደ ፖለቲከኞቹ ዞረ። መንግሥታዊ የቀብር ሥነ ሥርዓቱ መስከረም 17 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ እኛ መስቀልን ስናከብር፣ ሲፈጸም ብዙ ጃፓናውያን ወጪውንና ክብሩን ተቃውመው አደባባይ ወጡ። መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም. የቶኪዮ ፍርድ ቤት ድርጅቱ እንዲፈርስ አዘዘ። «እንግዲህ ጥይቱ ያልተሰማውን አቤቱታ አሰማ» የሚል ቢመጣ መልሴ አጭር አይሆንም። ሕግ ተኝቶ ነበር፤ በሰላሙ ጊዜ የመጡትን አቤቱታዎች በወቅቱ ያልሰማ ሁሉ ተጠያቂ ነው፤ እኔም የሰው አቤቱታ በቀጠሮ ብዛት ያንከባለልሁባቸው ዓመታት ትዝ ይሉኛል። ይሁን እንጂ ከጃፓኖቹ የማደንቀው ሁለቱን ነገር ለይተው መያዛቸውን ነው፤ በሰውየው ፖለቲካ ላይ አደባባይ ወጥተው የጮኹት ብዙዎቹ በግድያው አልጨፈሩም። ቀብሩን መቃወም ይቻላል፤ ሟቹን መተቸትም ይቻላል። ይህን የምላችሁ ሞተ ተብሎ ታሪኩ ይታጠብለት የምል እንዳይመስላችሁ ነው።

ስለ ቃል ደግሞ ይህን ጨምሩበት። የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢን ጥቅምት 24 ቀን 1988 ዓ.ም. በቴል አቪቭ ከሰላም ሰልፍ ሲወጡ ተገደሉ። ከአንድ ወር ገደማ በፊት በኢየሩሳሌም በተደረገ የተቃውሞ ሰልፍ የናዚ መለዮ ያለበሳቸው ሥዕል ታይቶ ነበር፤ «ከሃዲ» የሚለው ጩኸትማ የዘወትር ሆኖ ነበር። ገዳያቸው የሃያ አምስት ዓመት የሕግ ተማሪ ነበር። የሕግ ተማሪ! በሃይማኖቱ ሕግ ሞት ይገባቸዋል ብሎ ራሱ ከሶ፣ ራሱ ፈርዶ፣ ራሱ አስፈጸመ። በአደባባይ ከጮኹት አብዛኞቹ ሽጉጥ ነክተው አያውቁ ይሆናል፤ ነገር ግን ልጁ ፍርዱን ሲጽፍ የሰዉን ጩኸት እንደ ምስክር ቃል ቆጥሮት እንደ ሆነ ማን ያውቃል? ለዚህ ነው በቡና ላይ የምትሏት ቃል የምታሳስበኝ፤ በጠረጴዛው ዙሪያ ማን እንደ ተቀመጠ አታውቁም።

የቀረውን የምጽፍላችሁ ከራሴ ቤት ነው።

ኬኔዲ የተገደሉት ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ እንደ አቤ ሁሉ ዓርብ ቀን ነው። በእኛ ሰዓት መሽቶ ነበርና ወሬው ናዝሬት (ያን ጊዜ አዳማ እንዲህ ነበር የምትባለው) የደረሰው በማግስቱ ነው። ጃንሆይ በዚያው ዓመት መስከረም ዋሽንግተን ሄደው በኬኔዲ እጅ ተስተናግደው ነበር፤ አሁን ደግሞ ለቀብር ተመልሰው ሄዱ ተባለ። የታላቅ እህቴ አስተማሪ የነበረች አንዲት የፒስ ኮር (የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ድርጅት) አሜሪካዊት ከእኛ ግቢ ቀጥሎ ቤት ተከራይታ ትኖር ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ እናቴና የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለቅሶ ሊደርሷት ሄዱ። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ቆሎውን ተሸክሜ ተከተልሁ። ልጅቷ ምን እንደምታደርግ ጨነቃት፤ ወንበሩም አልበቃም። ሴቶቹ መሬት ላይ ተቀምጠው «እግዜር ያጥናሽ» ብለው ዝም አሉ። ማን ገደላቸው ያለ የለም፤ ኬኔዲ ጥሩ ነበሩ መጥፎ ነበሩ ያለም የለም። ከእነዚያ ሴቶች አንዷም ፊደል የቆጠረች አልነበረችም።

እኔ ግን ሕግ ተማርሁ። ጥቅምት 21 ቀን 1977 ዓ.ም. የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንድራ ጋንዲ በገዛ ጠባቂዎቻቸው ተገደሉ፤ ሁለቱም ጠባቂዎች የሲክ እምነት ተከታዮች ነበሩ። ከአምስት ወር ገደማ በፊት የሕንድ ጦር አምሪትሳር ያለውን የሲኮች ወርቃማ ቤተ መቅደስ በኃይል ገብቶበት ነበርና በቀል መሆኑ ወዲያው ታወቀ። በከተማችን የሚያስተምር፣ ጥምጣም የማይለየው፣ ጢሙ የተንዠረገገ አንድ ሲክ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ማታ ማታ ዳማ እንጫወት ነበር። በማግስቱ መንገድ ላይ አገኘሁትና ሰላም እንኳ ሳልለው «ሰዎችህ ለምን ገደሏት?» አልሁት። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር፤ በአውራጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበርሁ።

ጥቂት ዝም አለና በዚያ በተሰባበረ አማርኛው «ጌታዬ፣ አንተ ችሎት ላይ አንድ ሰው ከገደለ ስንት ሰው ታስራለህ?» አለኝ። መልስ ሳይጠብቅ አለፈ። ያን ጊዜ ደልሂ ውስጥ ሰው ሲክ በመሆኑ ብቻ ከቤቱ እየተጎተተ ይቃጠል እንደ ነበር ሁለታችንም ገና አልሰማንም፤ በኋላ በመንግሥት ቆጠራ በዚያች ከተማ ብቻ 2,733 ሰዎች መገደላቸው ታወቀ። ገዳዮቹም ከቤት ቤት ሲዞሩ የሚጠይቁት የእኔኑ ጥያቄ ነበር። ሩዋንዳን አላነሣላችሁም፤ የፕሬዚዳንቱ አውሮፕላን ተመትቶ በወደቀ ሌሊት ምን እንደ ተጀመረ ታውቁታላችሁ።

ማታ ለእናቴ ነገርኋት። እየሣቅሁ ነበር የነገርኋት፤ መልሱን እንደ ቀልድ ልወስደው ፈልጌ ይመስለኛል። እሷ አልሣቀችም። «መሪው ሞታበታለች፣ አገሩም ሩቅ ነው፤ ለቅሶ ደረስህ ወይ?» አለችኝ። አልደረስሁም። ነጠላዋን አንሥታ አዘቀዘቀችና ወጣች፤ እኔም ከኋላ ከኋላዋ ሄድሁ። መምህሩ በሩን ሲከፍት መጀመሪያ ያየው እኔን ነበርና ደነገጠ። እናቴ ቀድማኝ ገባች፤ መሬቱ ላይ ልትቀመጥ ስትል ሮጦ አልጋው ላይ አስቀመጣትና ለእኔ አንዲቷን ወንበር ሰጠኝ። «እግዜር ያጥናህ ልጄ» አለችው። ወተትና ዝንጅብል ያለበት ሻይ አፍልቶ አቀረበልን። ይቅርታ ልለው አስቤ ነበር፤ አፌ አልታዘዘልኝም። ሻዩን ጠጥቼ ስጨርስ ብርጭቆውን ከእጄ ተቀብሎ ሁለተኛ ቀዳልኝ።