ስለ ፉትስክሬይ የምርጫ ክልል፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

በሜልበርን ምዕራባዊ ክፍል ስለሚገኘው የፉትስክሬይ የምርጫ ክልል የላካችኋቸውን ጥያቄዎች፣ በምርጫ ጣቢያ ድምፅ ስቆጥር ካየሁት ጋር አያይዤ እመልሳለሁ። ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የፉትስክሬይ ተወካይ የሚቀመጡት ካንቤራ ነው ወይስ ሜልበርን?

መልስ፦ ሜልበርን፣ በቪክቶሪያ ስቴት ፓርላማ ነው፤ ካንቤራ ላለው የአውስትራሊያ ፌዴራል ፓርላማ የምንመርጠው ሌላ ነው። የቪክቶሪያ ስቴት የታችኛው ምክር ቤት 88 የምርጫ ክልሎች አሉት፤ እያንዳንዱ አንድ ተወካይ ይልካል፣ መንግሥት ለመመሥረትም 45 መቀመጫ ያስፈልጋል። ከ2018 ጀምሮ የፉትስክሬይ ተወካይ የሌበር ፓርቲዋ ኬቲ ሆል ናቸው። የቪዛና የሜዲኬር (የመንግሥት የጤና መድን) ጉዳይ የፌዴራሉ ነው፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና ባቡር ግን በስቴቱ እጅ ናቸው። አዲሱን የፉትስክሬይ ሆስፒታል ያሠራው የስቴቱ መንግሥት መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ለአነስተኛ ፓርቲ ብመርጥ ፓርቲው ድምፄን ለፈለገው አሳልፎ ይሰጣል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ በታችኛው ምክር ቤት ፈጽሞ አይሰጥም። መራጭ በዕጩዎቹ ሁሉ ስም አጠገብ እንደ ምርጫው ቅደም ተከተል 1፣ 2፣ 3 እያለ ቁጥር ይጽፋል፤ ቅደም ተከተሉን የሚወስኑት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ በምርጫ ጣቢያ ደጃፍ የሚታደለው ወረቀት የፓርቲው ምክር እንጂ ትእዛዝ አይደለም። በመጀመሪያው ቆጠራ ከግማሽ በላይ ያገኘ ዕጩ ከሌለ፣ ዝቅተኛውን ድምፅ ያገኘው ከውድድሩ ይወጣና የእሱ መራጮች 2 ቁጥር ለሰጧቸው ዕጩዎች ድምፃቸው ይከፋፈላል፤ አንዱ ከግማሽ በላይ እስኪያገኝ ድረስም እንዲሁ ይቀጥላል። ስለዚህ አነስተኛ ፓርቲን ማስቀደም ድምፅን ማባከን አይደለም።

የሚባክነው ሌላ ቦታ ነው። በቆጠራ ሌሊት፣ በሚወዱት ዕጩ ስም አጠገብ ብቻ በጥንቃቄ የራይት ምልክት የተደረገባቸው፣ የቀሩት ሳጥኖች ግን ባዶ የሆኑ ወረቀቶችን በእጄ ይዤ ዋጋ ከሌላቸው ክምር ላይ ሳስቀምጥ አዝኛለሁ። መራጩ የሚፈልገውን በሚገባ ያውቅ ነበር፤ ሕጉ ግን ሳጥኖቹ ሁሉ ከ1 ጀምሮ በተከታታይ ቁጥር እንዲሞሉ ያዛል። እባካችሁ ለእናት አባቶቻችን ይህን አንድ ነገር ደጋግማችሁ ንገሯቸው። ቢሳሳቱም ወረቀቱን መልሰው ሌላ መጠየቅ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ቋሚ ነዋሪ ነኝ፤ መምረጥ እችላለሁ?

መልስ፦ በስቴቱ ምርጫ አይችሉም፤ ዜግነት ያስፈልጋል። ዜግነት ካገኙና ዕድሜዎ 18 ከሞላ ግን መመዝገብም መምረጥም ግዴታ ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት መቅረት ያስቀጣል።

ጥያቄ፦ የክልሉ ድንበር ለምን ይቀያየራል?

መልስ፦ በየክልሉ ያለው የመራጭ ቁጥር ከስቴቱ አማካይ ከ10 በመቶ በላይ እንዳይርቅ ነው። የምዕራቡ ዳርቻ ሕዝብ በፍጥነት ስለሚጨምር ድንበሩ በ2021 እንደገና ተሰምሯል። ከኖቬምበር 28 ቀን 2026ቱ ምርጫ በፊት የትኛው ክልል ውስጥ እንደሆናችሁ በአድራሻችሁ አረጋግጡ። የቪክቶሪያ ምርጫ ኮሚሽን በአማርኛ አስተርጓሚ ያገናኛል።

ጥያቄ፦ ተወካይዋን አልመረጥኳቸውም፤ ቢሯቸው ብሄድ ያስተናግዱኛል?

መልስ፦ አዎን። ድምፅዎ ምስጢር ስለሆነ ማንን እንደመረጡ አያውቁም፤ ቢያውቁም ተወካይነታቸው ለክልሉ ነዋሪ ሁሉ ነው፣ ዜጋ ላልሆነውም ጭምር። ጉዳይዎን በአንድ ገጽ ጽፈው፣ አድራሻዎን ገልጸው፣ የተላኩልዎትን ደብዳቤዎች ቅጂ ይዘው ይሂዱ።